የጋሼ ጀይሉ አርባ ስምንት ሰዓት

በሕይወቴ ብዙ ሰው አስሬያለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት የኖረ ሰው ይህን ቢል የሚገርመው የለም። ከዚያ ሁሉ እስረኛ ውስጥ ግን ስሙን፣ የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓቱን ከነደቂቃው የማስታውሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያው። ጀይሉ ይባላል፤ የኮልፌ ጋሪ ነጂ ነበር። ያሰርኩት ያለ ጥፋቱ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ ጥሩ ሰው መስዬ ማንንም እንዳላታልል ብዬ ነው።

ዘመኑ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ ተክለማርያም ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ ከተጉለት መጥቼ የፖሊስ ልብስ ከለበስኩ ገና ስምንት ወሬ። አገሩ ሁሉ መኪና በግራ ሲነዳ ኖሮ ከሰኔ መባቻ ጀምሮ በቀኝ ይነዳ ተባለ። ሬዲዮኑ ለፈፈ፣ ወረቀት በየግድግዳው ተለጠፈ፣ እኛም ነጭ ጓንት ታድሎን በየመታጠፊያው ቆምን። ለእኔ የደረሰኝ የኮልፌ ገበያ መታጠፊያ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀኜን ከግራዬ የምለየው እኔም በየትኛው እጄ እንደማማትብ አስቤ ነበር።

ሰው ሁሉ የሰጋው ግን ለመኪናው ሳይሆን ለጋሪው ነው። ሹፌር አዋጅ ይሰማል። ፈረስ ዕድሜውን ሙሉ በሄደበት ዳር ነው የሚሄደው፤ ማን ይነግረዋል? ስለዚህ በግራ የተገኘ ጋሪ ታርጋው ይነጠቃል ተብሎ ነበር። ታርጋ ለጋሪ ነጂ እንጀራው ነው፤ ያለ ታርጋ ጋሪው ማገዶ ከመሆን አያልፍም። ብዙዎቹ ነጂዎች የመጣው ይምጣ ብለው ቀኑን ጠበቁ። ጀይሉ አልጠበቀም። ከሚያዝያ ጀምሮ ሥራ ሲፈታ ዳማ የሚባለውን ፈረሱን ከገበያው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ይወስደዋል። እዚያ በሁለት ረድፍ ድንጋይ ደርድሮ መንገድ ሠርቷል። ዳማ ቀኙን ይዞ ከሄደ ጫፉ ላይ አንድ እፍኝ ገብስ ይጠብቀዋል፤ ግራውን ከያዘ ምንም የለም። ሰፈርተኛው በሳቅ ሞተ። "ጀይሉ ፈረሱን ትምህርት ቤት አስገባው" ተባለ። ሚስቱ ሰብሪያ እንኳ "ለእኔ ቀለበት ለመግዛት ያንገራገረ ሰው ለፈረስ ገብስ ሲገዛ እጁ አይታጠፍም" እያለች ታሾፍበት ነበር። እኔም ከሳቁት አንዱ ነኝ።

በቀኝ መነዳት ከጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጀይሉ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ከገበያው ወጣ። ቀኙን ይዞ፣ ቦዩን ተጠግቶ ነበር የሚሄደው። ከአስኮ በኩል ደግሞ አንድ ጥቁር መኪና እየከነፈ መጣ። መኪናው በድሮው ልማድ ግራውን ይዟል። ከዳማ ጋር ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠው፤ ፓራፋንጎው ግን የጋሪውን ዘንግ ሰበረ፣ ዳማም ጉልበቱ ተልጦ ደሙ ወረደ። እኔ ከሃያ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ቆሜ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመኪናው የወረደው አንድ ወጣት ነው፤ ከረባት ያሰረ፣ የአንድ ፊታውራሪ ልጅ። ወደ ፈረሱም ወደ ጋሪውም አላየም፤ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

"ይህ ከብት ቀኝና ግራ የት ያውቃል? ሰውዬውን እሰርልኝ፤ አለዚያ አሁኑኑ ስልክ እደውላለሁ" አለኝ።

እጄ ወደ ጋሪ ነጂው ሄደ። ከረባቱ አዘዘ፣ እጄ ታዘዘ። "ና፣ ቅደም" አልኩት፣ የአባቴን እኩያ ሰው። የገበያው ሰው ከቦን ነበር፤ ከንፈር ይመጥጣል። "ፈረስ ምን ያድርግ፣ ልማዱ ነው" ይላሉ። ያን ሁሉ ወር በጀይሉ የሳቀ ሰው እዚያ ቆሞ ሳለ ገብሱን ያስታወሰ አንድም አልነበረም። ጀይሉ አልተከራከረም። የዳማን ጉልበት ጎንበስ ብሎ አየው፣ ልጓሙን ለአንድ ጎረቤቱ ሰጥቶ ወደ ሰብሪያ እንዲወስድለት ነገረውና ከፊቴ ቀደመ።

ጣቢያ ስንደርስ መዝገቡን ገልጬ ስሙን ጻፍኩ። ብዕሩን ላስቀምጥ ስል ጎንበስ አለና፣

"ልጄ፣ ሰዓቱንም ጻፈው" አለኝ።

"ማንበብ ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"ታዲያ ምን ይሠራልሃል?"

"ለእኔ አይደለም፤ ለዳኛው ነው።"

በሆዴ ሳቅሁ። በዚያን ጊዜ አዲስ የእጅ ሰዓት ገዝቼ ነበርና እሷን ለማየት ምክንያት አልፈልግም ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ አየሁ፤ "ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ" ብዬ ጻፍኩ። እሱ መዝገቡን ሳይሆን እኔን ሲያይ ቆይቶ ወደ እስር ክፍሉ ገባ።

ቀትር ላይ ለውዱእ ውኃ ለመነኝና ሰጠሁት። ከሰገደ በኋላ ከጋቢው ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ ቋጠሮ ቋጠረበት። አሥር ሰዓት አካባቢ እንደገና ውኃ፣ እንደገና ስግደት፣ እንደገና ቋጠሮ። ሲመሽ ሁለት ጊዜ ሰገደና ክሩ ላይ አራት ቋጠሮ ሆነ። መተት ይሆናል ብዬ አማተብኩ። ተጉለት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሰው ክር ሲቋጥር ካየሁ ደስ አይለኝም።

ሰብሪያ ምሳ ዕቃ ይዛ የመጣችው በዚያው ቀን ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ነበረች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልጄ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የገባው?"

ነገርኳት። "አልሐምዱሊላህ፣ ተጽፏል ማለት ነው" አለችና የዳማን ቁስል በጨው ውኃ እንዳጠበችው ለባሏ ነግራው ሄደች። ይህን ቤተሰብ ምን ነካው ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

ረቡዕ ጠዋት የጣቢያችን አለቃ ሃምሳ አለቃ ገብረአምላክ ስልክ ሲያነጋግር ቆየ። ንግግሩ ሁሉ "እሺ ጌታዬ" ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስድስት ልጆች ያሉት፣ ስልክ ሲጮህ ፊቱ የሚገረጣ ሰው ነበር። ከዚያ አንድ ወረቀት አስጻፈኝና ጀይሉን አስጠራው።

"ጣትህን እዚህ አድርግና ወደ ቤትህ ሂድ" አለው።

"ምን ይላል ጌታዬ?"

ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ ጠቆመ፤ አነበብኩት። ፈረሱ በልማዱ ወደ ግራ እንደወሰደው፣ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ ይላል። ነገሩ ግልጽ ነበር። ጣቱን ካሳረፈ ዛሬውኑ ቤቱ ያድራል፤ ታርጋው ግን ይነጠቃል፣ ከእንግዲህም ጋሪ አይነዳም። ካላሳረፈ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። በዚያ ዘመን ስሙ ብቻ መዝገብ ላይ ተጽፎ ወር የሚቀመጥ ሰው አይቻለሁ። ሕጉ ሌላ ነበር፤ እኛ ሌላ ነበርን።

ጀይሉ ጣቱን ወደ ጋቢው ውስጥ መለሳት። "ጌታዬ፣ ሕጉ ካልፈለግህ ቃልህን አትስጥ ይለኛል። እኔም አልፈለግሁም" አለ።

"ማን ነው ይህን የነገረህ?"

"ሕጉ ነዋ።"

"አንተ ሀ ሁ የማታውቅ ሰው!"

"እሰማለሁ ጌታዬ" አለ ጀይሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ጀይሉም ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ያን ቀን የቀትሩን ውኃ ሳቀብለው ምላሴ በራሱ ጊዜ "እርስዎ" አለ። "ጋሼ ጀይሉ፣ እርስዎ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?" አልኩት።

አጫወተኝ። ኮልፌ ይኖር የነበረ አንድ ነገረ ፈጅ ነበር፤ አቶ ወልደጊዮርጊስ ይባል ነበር፤ ነፍሱን ይማረው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው ያረፈው። ጉልበቱን ስለሚያመው ጠዋት ጠዋት ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው በጀይሉ ጋሪ ነበር። አዲሱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣ ሰሞን መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መንገዱን ሙሉ ጮክ ብሎ ያጠናል፤ ሽማግሌ ነውና ካልጮኸ አይገባውም። ጀይሉ በልጅነቱ ቁርአን የቀራው በጆሮው ነው፤ ሼሁ ይላሉ፣ እሱ ይደግማል፣ አንድ ፊደል ቢያዛንፍ አርጩሜ አለ። በዚያው ልማዱ ሕጉንም ከፊት ተቀምጦ በልቡ ሲደግም ኖረ። በኋላማ ነገረ ፈጁ ሲሳሳት የሚያርመው እሱ ነበር።

"እስቲ ይበሉልኝ" አልኩት፤ አላመንኩትም ነበር።

ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ። ስለ መያዝ የሚለውን ከአንቀጽ ቁጥሩ ጋር፣ ፖሊስ ያለ ማዘዣ ማንን ሊይዝ እንደሚችል፣ ማንን እንደማይችል፣ ለቀላል ጥፋት መጥሪያ እንደሚበቃ፣ የተያዘ ሰው ምን ምን ሊነገረው እንደሚገባ፣ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥም ዳኛ ፊት መቅረብ እንዳለበት። ድምፁ ወደ ዜማ ሄደ፤ ሰውነቱ በቀስታ ይወዛወዛል። እኔ የፖሊስ ትምህርት ቤት ያንን መጽሐፍ ለፈተና ብዬ አጥንቼው በሳምንቱ ረስቼዋለሁ። ግድግዳው ላይ ትኋን የሚርመሰመስበት ክፍል ውስጥ፣ ጫማው የተቀደደ ጋሪ ነጂ፣ የመንግሥትን ሕግ ከመንግሥት ፖሊስ በላይ ያውቀዋል፤ አውቆም አይጮህም። ከእሱ ፊት የለበስኩት ልብስ የተውሶ መሰለኝ።

ማታ ከመሄዱ በፊት ሃምሳ አለቃው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ምላጭ አስቀምጧል።

"መዝገቡ ላይ ማክሰኞ የሚለውን ፍቀህ ረቡዕ ማታ በለው። ሰውዬው ነገር ያውቃል። እስከ ዓርብ ልቡ ይሰበራል" አለኝ።

"እሺ" አልኩ። ጀግና ብሆን እምቢ እል ነበር፤ እኔ "እሺ" ነው ያልኩት። ከሄደ በኋላ መዝገቡን ገለጥኩ፣ ምላጩን ያዝኩ፣ የራሴን ጽሕፈት አየሁት። "አራት ሰዓት ከሃያ።" ቀለሙ ጥሩ ደርቋል። ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ውኃ ጠየቀኝና ሰገደ። ክሩን አወጣ፤ ቋጠረ፤ ከዚያ በፍርግርጉ በኩል ዘርግቶ እጄ ላይ አደረገው።

"ቁጠረው" አለኝ።

ቆጠርኩት፤ አሥር ቋጠሮ ነው።

"በቀን አምስት ሶላት ነው ልጄ። ሁለት ቀን አሥር ነው። እኔ ሰዓት የለኝም፤ ይህ ግን አያሳስተኝም። አሥሩ ሞልቷል። የሕጉ አርባ ስምንት ሰዓት የሚያልቀው ዛሬ ጠዋት አንተ በጻፍክበት ሰዓት ላይ ነው።" ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፁን አላነሳም። "በሕግ አምላክ፣ ዳኛ ፊት አቅርበኝ።"

ተጉለት ልጅ ሳለሁ አባቴ ከወሰን ተጋፊው ጋር ተጣልቶ ዱላ አንሥቶ ሲሮጥ ያ ሰው "በሕግ አምላክ" ሲለው አይቻለሁ። አባቴ ዱላው ሽቅብ እንደተነሣ ባለበት ቆመ። ቁጣው ፊቱ ላይ አለ፣ እግሩ ግን መሬት ውስጥ የተተከለ ያህል አልነቃነቅ አለ። ፖሊስ በሌለበት፣ ዳኛ በሌለበት ገደል አፋፍ ላይ አንድ ቃል ሰውን ሲያቆም ያየሁት ያኔ ነው። እኔስ? የሕግ ልብስ ለብሼ፣ የሕግ ቁልፍ ይዤ፣ ከአንድ ገበሬ ላንስ ነው? ይህን ማሰቤ ያስፈራኝ ከሃምሳ አለቃው ስልክ በላይ ነበር።

በሩን ከፈትኩ። አለቃዬ ሳይመጣ መውጣት ነበረብኝ፤ መዝገቡን በብብቴ ያዝኩ። ካቴና ፈለግሁ፤ የጣቢያው ሁለት ካቴናዎች ሌሎች ፖሊሶች ዘንድ ነበሩ። ጀይሉ የጋቢውን ጫፍ አንሥቶ ከእኔ ቀበቶ ጋር ቋጠረው።

"አባቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ በኩታቸው ይቆራኙ ነበር" አለኝ። "እንዳላመልጥህ ነው፤ እንዳታመልጠኝም።"

እንዲህ ታስረን ኮልፌን አቋረጥን። ሰብሪያ የጣቢያው በር ላይ ነበረች፤ ሳትጠራ ከኋላችን ተከተለች። ገበያው መከፈቱ ነው። ሻጮቹ ጋቢና ቀበቶ ተቋጥሮ ሲያዩ አንድ በአንድ ከመደባቸው ተነሡ። የድሮውን ቁራኛ ያዩ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ወጣቶቹ ምን እንደሆነ ባያውቁም መንገድ ለቀቁልን። ማንም አላሾፈም። እኔ ነበርኩ የታሰርኩት የመሰለኝ፤ እሱ ይመራል፣ እኔ እከተላለሁ። መንገዱን ሙሉ ዳሩን ይዘን ነበር የሄድነው፤ ወደ መሃል በዘነበልኩ ቁጥር በጋቢው ይስበኛል።

ፍርድ ቤት ስንገባ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ዳኛው መነጽር ያደረጉ፣ ደረቅ፣ ሳል ያለባቸው ሰው ናቸው። ቋጠሮውን አዩ። መዝገቡን ተቀብለው አነበቡ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ።

"ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶሃል" አሉኝ። "በምን ማዘዣ ያዝከው?"

"ማዘዣ የለኝም ጌታዬ።"

"ጥፋቱ ምንድን ነው?"

"በግራ ነዳ ተብሎ ነው።"

"ማን አለ?"

"ባለ መኪናው።"

ዳኛው ወደ ጀይሉ ዞሩ። እሱ እጁን አጣምሮ፣ "ጌታዬ፣ ያየ ሰው እዚህ አለ፤ እሱ ይጠየቅልኝ" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔን ለመወንጀል አንድ ሺህ ቃል ነበረው፤ የሕጉ መጽሐፍ ሙሉውን ልቡ ውስጥ ነበር።

የፊታውራሪው ስልክ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ደመወዜን የምትጠብቀው እናቴ ሁሉም ፊቴ ተደቀኑ። ጋቢው ቀበቶዬን ሲስበኝ ተሰማኝ፤ የሳበው ጀይሉ አልነበረም፣ እኔው ራሴ ከዳኛው ፊት ወደ ኋላ ስል ነው። ወደፊት ተመለስኩ።

"ጋሪው በቀኝ ነበር ጌታዬ። በግራ የመጣው መኪናው ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ያሰርኩት እሱን ነው" አልኩ።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የሰሙት ሁሉ ተጻፈ። ጀይሉ በዚያው ተለቀቀ፤ ታርጋውም አልተነካም። ሰብሪያ ቋጠሮውን ራሷ በጥርሷ ፈታችው፤ በጣም ጠብቆ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሃምሳ አለቃው ወደ አስኮ መውጫ ኬላ አዛወረኝ። ፀሐይና አቧራ እንጂ ሌላ ነገር የሌለበት ቦታ ነበር። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ብዙ ቀን በጣም ከፋኝ።

ዳማ ጉልበቱ ከዳነ በኋላ ጀይሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ በኬላው ያልፋል። ያ ፈረስ ልጓሙ ልል ሆኖ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀኙን ይዞ ሲመጣ ሩቅ ሆኜ አየዋለሁ። ሰላም እንባባላለን። አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የሚያንገበግበኝን ጠየቅሁት።

"ጋሼ ጀይሉ፣ ዳኛው ፊት ለምን በእኔ ተማመኑ? ሳይበድሉ ያሰርኩዎት እኔ አይደለሁም እንዴ? ልዋሽ እችል ነበር።"

ዳማን አቆመው።

"ሰዓቱን ጻፍ ስልህ አንተ እጅጌህን ሰብስበህ ሰዓትህን አየህ" አለኝ። "እኔ ማንበብ አልችልም። የፈለግኸውን ብትጽፍልኝ አላውቅም ነበር። አንተ ግን አይተህ ጻፍክ። ያኔ ነው የተማመንኩት።"

ከዚያ በኋላ የያዝኩትን ሰው ሁሉ፣ ሌባም ይሁን ሰካራም፣ መዝገብ ላይ ከማስፈሬ በፊት ሰዓቴን አያለሁ። ሰዓቷ ተበላሽታ እንኳ ክንዴን ማየት አልተውኩም ነበር። ያ ባለ አሥር ቋጠሮ ክር አሁን ድረስ አለኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።